ባትሪ ከመግዛት በፊት፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል የቻርጅ ጉድለት እንዴት ይፈለጋል?

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው የሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው ዱብሉቅ በሁለት ነገሮች ትታወቃለች፤ በከብት ገበያዋና በጥልቅ ኤላዎቿ። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን መንገዱ ቀይ አቧራ፣ እሾህና የከብት ዱካ ነው። በዚህ ዱካ ላይ መኪና የማይደርስበትን ሥራ የሚሠራልን ሞተር ሳይክል ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ክትባቱን፣ የፓምፕ ጠጋኙ መለዋወጫውን የሚያደርሱት በእርሱ ነው፤ እኛም ለሪፖርት የሚሆነውን መረጃ የምንሰበስበው በእርሱ ነው። በየፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ያሉት አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ካለቀ ፕሮጀክት ወደ አዲስ ፕሮጀክት ሲወራረሱ የኖሩ አሮጌዎች መሆናቸውን የሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ በዚህ እትም በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ እጅግ ተደጋግሞ ስለሚያጋጥመውና እጅግ ተሳስቶ ስለሚጠገነው አንድ ብልሽት፣ ይኸውም ስለ ቻርጅ ጉድለት እንጽፋለን። የምንጽፈውም ዐውቀን ስለተገኘን ሳይሆን ተሳስተን ስለተማርን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በደረቁ ወራት አንድ ቀን ባለሙያችን የፍየል ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዞ ወደ ሁለት ኦላዎች ወጣ። በመጀመሪያው ኦላ የፍየሉ ብዛት ከተገመተው በላይ ስለነበር ሥራው እስከ አመሻሹ ዘለቀ። የቀረውን ክትባት ወደ ሁለተኛው ኦላ አቅራቢያ ወስዶ፣ ሌሊቱን በጤና ኬላው ማቀዝቀዣ አሳድሮ፣ ንጋት ላይ ለመከተብ ነበር ዕቅዱ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን የሞተር ሳይክሉ የፊት መብራት እንደሚከስም ፍም ቀላ፤ ክላክሱ ድምፅ አጣ፤ ጥቂት ቆይቶም መብራቱ ፈጽሞ ጠፋ። ሞተሩ ግን እየሠራ ነበር። በዚያ ዱካ ያለ መብራት መንዳት ስለማይቻል ባለሙያችን በአቅራቢያው ባገኘው ኦላ አደረ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ ሲነጋ በሳጥኑ ውስጥ የቀረው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ነበር። ክትባቱ ተደፋ።

ከክትባቱ ይልቅ ያሳፈረን ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ኦላ የነበሩት አርብቶ አደሮች ለእኛ ሲሉ ፍየሎቹን ከግጦሽ አስቀርተው፣ የኤላ ተራቸውንም ለሌላ አሳልፈው ሲጠብቁን ውለዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ባለቀበት በዚህ ምድር፣ በደረቅ ወራት የኤላ ተራን አሳልፎ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ መብራት ጠፋ ብለህ ከነገርከኝ አምናለሁ፤ ለፍየሎቹ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ዓመት ለዚያው ሞተር ሳይክል ሁለት አዳዲስ ባትሪዎች ገዝተን ነበር። የመጀመሪያው ደከመ፤ «የገበያው ባትሪ ጥራት የለውም» ብለን ሁለተኛ ገዛን፤ እርሱም በወራት ውስጥ ደከመ። ጋራዥ በወሰድነው ጊዜም የተሰጠን መልስ ያው ነበር፤ ባትሪ ግዙ። ማናችንም ባትሪው ለምን እንደሚሞት አልጠየቅንም።

የቻርጅ ሥርዓትን ለማስረዳት ከዱብሉቅ ኤላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ከቦረና ዘጠኙ ቱላዎች አንዱ በሆነው በዚህ ስፍራ ወጣቶች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ውኃው ላይ ባለው ገንዳ ይጠራቀማል፤ ከብቱም አባ ሄሬጋው በሚያስከብረው ተራ ይጠጣል። ገንዳው ቢጎድል ገንዳ የሚለውጥ ሰው የለም። ከታች ውኃ እየተቀዳ ነው ወይ? ከሚያቀብሉት መካከል እጁ የዛለ ማን ነው? ገንዳው ቀዳዳ አለው ወይ? ከሚገባው በላይ ከብት ገብቶበታል ወይ? ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ገንዳ ለውጠናል።

በሞተር ሳይክል ላይ ከታች ሆኖ የሚቀዳው ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ማግኔትና በአጠገቡ ጸንቶ የተቀመጠው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው፤ መካኒኮች ስታተር ወይም በደፈናው ዲናሞ ይሉታል። ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኮረንቲ እንደሚፈጠር እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ መርሑ አልተለወጠም። ከስታተሩ የሚወጣው ግን አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚቀያይር ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው፤ ባትሪ ደግሞ የሚቀበለው ቀጥተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ ሬክቲፋየር ይገባል፤ ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። ሬጉላተሩ ደግሞ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያሻቅበውን ቮልቴጅ በልክ ይይዛል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሁለቱ በአንድ የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ተጠቃለው ይገኛሉ። ከዚያ ሽቦው፣ ሶኬቱና ፊውዙ ያቀብላሉ፤ ባትሪው ያጠራቅማል፤ መብራቱ፣ ክላክሱና ፍሬቻው ይጠጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር ይነሣል። በብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ኃይል ከባትሪው አይመጣም፤ በስታተሩ ላይ ለእርሱ ብቻ የተመደበ ሌላ ጥቅል አለው። በመሆኑም ባትሪው ጨርሶ ቢሞትም ሞተሩ በእግር ሲረገጥ ይነሣል፤ ሲሄድም ይውላል። አሽከርካሪው «ደኅና ነው» ይላል። ጉድለቱ የሚገለጠው በጨለማ ነው፤ ለእኛም የተገለጠልን በጨለማ ነበር።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ሞተር ሳይክሉ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ማየት ነው፤ በዕድሜ የገፉት ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ 6 ቮልት፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት 12 ቮልት ናቸው። ቀጥሎ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ የፊት መብራቱን ማብራት ነው። ከበራ ከባትሪው ይመገባል ማለት ነው። ካልበራና ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚበራ ከሆነ ግን፣ አምፖሉ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ፣ መብራቱ ከስታተሩ በቀጥታ ይመገባል ማለት ነው። በዚህኛው ዓይነት በሚኒሞ ላይ መብራቱ መድከሙ የተፈጥሮው ነው፤ ብልሽት ብሎ መፍታት አይገባም። ይህን ሳያውቁ ስንት ስታተር ያለ ጥፋቱ እንደ ተፈታ እግዚአብሔር ይወቀው።

ለምርመራው የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ካቻቢቴና ጥርስ መቦረሻ ነው። ቴስተሩ ውድ መሆን የለበትም። ሆኖም አስቀድሞ ቮልቱ ደኅና በሆነ ባትሪ ላይ መሞከር አለበት፤ የራሱ የውስጥ ባትሪ የደከመ ቴስተር ሐሰተኛ ምስክር ነውና።

የመጀመሪያው ምርመራ ባትሪውን በዕረፍት ላይ መለካት ነው። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ለ6 ቮልት እነዚህን ቁጥሮች በግማሽ መውሰድ ነው። አንባቢያን የሚያስተውሉት ነገር ቢኖር በሙሉና በግማሽ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ገደማ ብቻ መሆኑን ነው፤ «12 ቮልት አለው፣ ደኅና ነው» የሚባለው ንግግር ስሕተት የሚሆነውም ስለዚህ ነው። በደከመ ባትሪ ላይ የሚደረግ ቀጣይ ምርመራ ሁሉ ያሳስታል። ስለዚህ ባትሪውን አውጥቶ በዝግታ መሙላት ይገባል፤ ልኩም የባትሪው አቅም አንድ ዐሥረኛ ነው። ለ9 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ1 አምፒር የማይበልጥ ማለት ነው። የመኪና ባትሪ በሚሞላበት ኃይለኛ ቻርጀር ላይ የሞተር ሳይክል ባትሪ መስቀል እርሱን መቀቀል ነው። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳትና ሲጋራ አይቅረቡት።

ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የውኃውን ከፍታ ማየት የግድ ነው። በቆላው ሙቀት ውኃው ቶሎ ይተናል፤ የብረቱ ሰሌዳም ለአየር ከተጋለጠ ይበላሻል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። የኤላ ውኃ ማዕድን አለው፤ በጠርሙስ የሚሸጠው የመጠጥ ውኃም እንዲሁ ማዕድን አለው። አሲድም አይጨመርም፤ የተነነው ውኃ እንጂ አሲዱ አይደለምና። እኛ በጽሕፈት ቤታችን የታሸገ የመጠጥ ውኃ ስንጨምር ኖረናል፤ ንጹሕ መስሎን።

ባትሪው ከተሞላና ለሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ የፊት መብራቱ ሲበራ ወዲያው ከ11 በታች ከወረደ፣ ባትሪው በእርግጥ ሞቷል። ይህ ከሆነ መግዛት ይገባል። ግን የገደለው ሳይታወቅ አዲሱን መግጠም እኛ የሠራነውን ስሕተት መድገም ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ መለካት ነው። በሚኒሞ ላይ የሚገኘው ቁጥር ብዙ አይነግረንም፤ አሮጌ ስታተር በሚኒሞ ላይ የሚያመነጨው ጥቂት ነው። ሞተሩን ወደ 4000 ወይም 5000 ዙር ማድረስ ያስፈልጋል። ዙር መቁጠሪያ በሌለው ሞተር ሳይክል ላይ በሦስተኛ ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሄድ የሚሰማውን ድምፅ በጆሮ መያዝ ይበቃል። በዚያ ዙር ደኅና የሆነ የ12 ቮልት ሥርዓት ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ፣ የ6 ቮልቱ ከ7 እስከ 7.4 ገደማ ያሳያል። ልኬቱ መጀመሪያ መብራቱ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ በርቶ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ ቁጥር በቃል አይያዝም።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው። ቁጥሩ ከ15 በላይ ካለፈ ሬጉላተሩ ልክ መያዝ አቅቶታል፤ ባትሪው ይፈላል፤ አምፖልም በየሳምንቱ ይቃጠላል። ይህም ቢሆን ሬጉላተሩን ከመወንጀል በፊት የማሳ ሽቦው በደንብ መጥበቁን ማየት ይገባል፤ ማሳው የላላ ሬጉላተር ባትሪው የጎደለ መስሎት ይለፋልና። ቁጥሩ ምንም ካልጨመረ ኮረንቲው ጨርሶ አይደርስም ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዝ ነው። ፊውዝ ተቃጥሎ በሲጋራ ብር ወይም በሽቦ ቁራጭ የተተካበት ሞተር ሳይክል ካጋጠመ ያንን ማንሣት ከሁሉ ይቀድማል፤ እንዲህ ያለው ጥገና ሲብስ የሚያቃጥለው ፊውዙን ሳይሆን ሞተር ሳይክሉን ነው።

ሦስተኛው ውጤት በጥቂቱ መጨመር ነው፤ የእኛም ይኸው ነበር። መብራቱ ጠፍቶ 13.1፣ በርቶ 12.1 አገኘን። ባትሪው ቀን ቀን ጥቂት እየተቀበለ፣ ማታ ማታ ምንም ሳይቀበል ይኖር ነበር ማለት ነው። ይህን ጊዜ ሁላችንም «ስታተሩ ነው» አልን። ስታተሩን ለማየት የሞተሩ የጎን ክዳን ይከፈታል፤ ዘይት ይፈስሳል፤ የክዳኑ ማሸጊያ ይቀደዳል፤ ማሸጊያው ደግሞ ዱብሉቅ አይገኝም። ቁልፉን አንሥተን ሳለ በከተማው ባጃጅና የውኃ ፓምፕ የሚጠግን አንድ ወጣት፣ «ዲያቆን፣ ሳይለኩ አይክፈቱ፤ እስቲ ሬጉላተሩ ጋ ስንት እንዳለ እንይ» አለን። የግእዝ ግሥ ስናወርድ ሥሩን ሳንይዝ ወደ እርባታው እንዳንሮጥ ስንት ጊዜ ተገሥጸናል፤ ትምህርቱን በሞተር ሳይክል ላይ ረስተነው ነበር።

ያደረገው ቀላል ነገር ነው። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ትቶ፣ ቀዩን ከባትሪው አንሥቶ ወደ ሬጉላተሩ መውጫ ሽቦ አዛወረው። መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ በዚያው ዙር ላይ ሆኖ፣ ቁጥሩ 14.2 አለ። ባትሪው ላይ 12.1፣ ሬጉላተሩ ላይ 14.2። ስታተሩ ይቀዳል፤ ሬጉላተሩም ልኩን ይዟል፤ 2.1 ቮልት ግን በመንገድ ቀርቷል። ቴስተሩን በሁለቱ መካከል በቀጥታ ቢያስቀምጠውም ያው 2.1 አለ። ደኅና በሆነ ሽቦ ላይ ይህ ልዩነት ከ0.2 ወይም 0.3 መብለጥ የለበትም። ከዚያም ቀዩን ገመድ በሽቦው መሥመር ላይ ከሶኬት ወደ ሶኬት እያዛወረ መጣ፤ ከኮርቻው ሥር ካለው ሶኬት ወዲያ 14.2፣ ወዲህ 12.1።

ሶኬቱን ስንከፍተው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፤ የመዳቡ ምላስ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ነገሩን በሒሳብ ብናየው የሚገርም አይደለም። የፊትና የኋላ መብራቱ በአንድነት 40 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ ይህም ከ3 አምፒር በላይ ነው። በሶኬቱ የሚያልፈው 3.5 አምፒር ቢሆን፣ በ2.1 ቮልት ሲባዛ ከ7 ዋት በላይ ሙቀት በአንዲት ትንሽ ሶኬት ውስጥ ይቀራል ማለት ነው፤ ፕላስቲክ ለማቅለጥ በቂ ነው። ሙቀቱ ዝገቱን ያብሳል፤ ዝገቱ ሙቀቱን ይጨምራል። በአስፋልት ላይ ምናልባት ዓመታት የሚፈጀው ይህ ነገር በእኛ ዱካ ላይ በመንቀጥቀጥና በአቧራ ይፋጠናል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አቧራው ጭቃ ይሆንና በምላሱ ላይ ይጋገራል።

ይኸው ምርመራ በማሳው በኩልም መደረግ አለበት፤ ብዙዎች ይዘነጉታል። አንዱን ገመድ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሬጉላተሩ ሳጥን ብረት ላይ አድርጎ በዚያው ዙር መለካት ነው። የእኛ 0.1 ስላለ አለፍነው። ከ0.3 በላይ ቢሆን ኖሮ የማሳው ሽቦ ከሻሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቆ፣ ቅባት ቀብቶ መልሶ ማጥበቅ ነበር።

የተበላውን ሶኬት ቆርጠን አዲስ ምላስ አስገባን፤ ሽቦውም ተጨምቆ ብቻ እንዳይቀር በሊድ ተበየደ፤ ውኃ እንዳይገባውም ታሸገ። ሽቦን ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ ለመንገድ ቢሆን እንጂ። ከዚያ በባትሪው ላይ ስንለካ መብራቱ ጠፍቶ 14.1፣ በርቶ 13.7 አገኘን። የፈጀብን ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የወጣው ወጪም ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሬጉላተሩ ጋ የተገኘው ቁጥርም ዝቅተኛ ቢሆን ኖሮ ወደ ስታተሩ እንሄድ ነበር፤ ለዚህም ክዳን መክፈት አያስፈልግም። ከስታተሩ የሚመጡትን፣ በአብዛኛው ቢጫ ወይም ነጭ የሆኑትን ሽቦዎች ከሬጉላተሩ መንቀል ነው። ሦስት ሽቦ ከሆኑ ሞተሩ ጠፍቶ በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ኦም ይለካል፤ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው፤ ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ የቴስተሩን ሁለት ገመዶች አስቀድሞ እርስ በርስ አነካክቶ የሚያሳየውን መቀነስ ይገባል። ከዚያ በእያንዳንዱ ሽቦና በሞተሩ ብረት መካከል ሲለካ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም፤ ካለ ጥቅሉ ተቃጥሎ ማሳ ነክቷል። ሆኖም በትንንሾቹና በአሮጌዎቹ ላይ የመብራቱ ጥቅል አንድ ጫፍ በፋብሪካው ሆን ተብሎ ከማሳ ጋር የታሰረ ነው፤ በእነርሱ ላይ ይህ መለኪያ አይሠራም፤ ደኅናውን ስታተር በሐሰት ያስከስሳል። በመጨረሻም ሞተሩን አስነሥቶ ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ማዞር ነው። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ የሚፈለገው ግን ከዙሩ ጋር አብሮ ማደጉና በሦስቱ ጥንዶች እኩል መሆኑ ነው። በከፍተኛ ዙር ብዙ ዐሥር ቮልት ስለሚደርስ የተራቆተ ሽቦ በእጅ አይነካ። ስታተሩ፣ ሽቦውና ባትሪው ሁሉም ነጻ ከወጡ የቀረው ሬጉላተሩ ነው፤ ያን ጊዜ መግዛት ያስኬዳል።

አንዳንዴ ቻርጁ ደኅና ሆኖ ባትሪው በቆመበት ይደክማል። የዚህ ምርመራ ቁልፉ ተዘግቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፈትቶ፣ ቴስተሩን በአምፒር መለኪያው በጫፉና በሽቦው መካከል ማስገባት ነው። ሰዓትና ማስጠንቀቂያ የሌለው አሮጌ ሞተር ሳይክል ከጥቂት ሚሊ አምፒር በላይ ማሳየት የለበትም። ካሳየ ሬጉላተሩን መንቀል ነው፤ ቁጥሩ ከጠፋ ሬጉላተሩ በውስጡ ያንጠባጥባል። ካልጠፋ በኋላ የተጨመሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ነው።

የተጨመሩ ነገሮች ሲባል ስለ ስልክ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በቆላው የሞተር ሳይክል ባለቤት ሁሉ የመንደሩ ስልክ ሞይ ሆኗል፤ የእኛም ባለሙያ እንዲሁ። ሁለት ስልክ በአንድነት 20 ዋት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ ይህም የፊት መብራቱ ከሚወስደው ግማሽ በላይ ነው። ሞተሩ በሚሄድበት ጊዜ በ12 ቮልቱ ላይ ይቻላል፤ በ6 ቮልቱ አይመከርም፤ ሞተሩ ቆሞ ግን በፍጹም። ይህን ስንከለክል አልተወደድንም፤ ሰው ስልኩን ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት በዚህ አገር ከባድ ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ከፀሐይ ኃይሉ የስልክ መሙያ አወጣን።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ይቻርጃል» የሚለው የመንገድ ዳር ሙከራም መቅረት አለበት። ቮልቴጁ የሚያርፍበት ሲያጣ ያሻቅብና አምፖልና ሬጉላተር ይዞ ይሄዳል፤ ከላይ እንዳልነውም ሞተሩ አለመጥፋቱ ስለ ቻርጁ ምንም አይመሰክርም።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ፣ ዘይቱ በሚታይበት ቀን፣ ሦስት ቁጥሮች በሞተር ሳይክሉ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ፦ በዕረፍት፣ መብራቱ ጠፍቶ በዙር፣ መብራቱ በርቶ በዙር። ካለፈው ወር በግማሽ ቮልት ከወረደ ከኮርቻው ሥር ያሉት ሶኬቶች ተከፍተው ይጸዳሉ። ወደ ሁለተኛው ኦላም ተመልሰን ሄደናል፤ በዚህ ጊዜ ከኤላ ተራቸው ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን እነርሱ መረጡ።

ከመጋዘናችን የቀሩትን ሁለት ባትሪዎች በዝግታ ሞልተን ለካናቸው። በመጀመሪያ የገዛነው ለወራት ባዶ ሆኖ ስለተቀመጠ አልነሣም፤ ሁለተኛው ግን ከአንድ ሌሊት ዕረፍት በኋላም 12.6 ይዞ አደረ፤ ዛሬ በሞተር ሳይክሉ ላይ ያለው እርሱ ነው። የሞተውን ሜዳ ላይ አልጣልነውም፤ በውስጡ ያለው ሊድና አሲድ ለከብትም ለኤላም መርዝ ነውና። አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡት ለማድረስ ወደ ያቤሎ የሚሄድ መኪና እየጠበቀ በሳጥን ታሽጎ ተቀምጧል።